አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅ፦ ገዳማዊ ድህነትና ምጽዋት በ13ኛው ምዕተ ዓመት

በ13ኛው ምዕተ ዓመት በላቲኑ የክርስትና ዓለምና በኢትዮጵያ አንድ ዓይነት ጥያቄ በየፊናው ተነሥቶ ነበር። ሀብቱን ሁሉ ትቶ የመነነ ሰው ለድኻ የሚሰጠውን ከየት ያመጣል? ራሱ በምጽዋት የሚኖር ሆኖ ሳለስ መጽዋች ሊባል ይችላልን? በኢጣልያና በፈረንሳይ ጥያቄው የሊቃውንት ክርክር፣ የሮም ሊቃነ ጳጳሳት አዋጅ፣ በመጨረሻም የማኅበራት መለያያ ሆነ። በኢትዮጵያ ደግሞ ከመጻሕፍት ክርክር ይልቅ በሰዎች አኗኗርና በገዳማት ሥርዓት ተገልጦ ይታያል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዙት በአምባሰል ምድር፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያስተማሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ይህ ጽሑፍ የእኚህን አባት ሕይወት በምሕረትና በምጽዋት ጥያቄ በኩል ይከታተላል፤ አስፈላጊ በሆነበት ቦታም በዘመኑ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለዚሁ ጉዳይ ካስተማሩት ጋር ያነጻጽራል። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጠ በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ስለ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የሚታወቀው በዋናነት ከሁለት ምንጮች የተገኘ ነው። አንደኛው ገድላቸው ሲሆን ይህም ስታኒስላስ ኩር የተባሉ ሊቅ በ1965 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ያሳተሙት ነው። ገድሉ የተጻፈው ከጻድቁ ዕረፍት ብዙ ዘመን በኋላ በመሆኑ የጸሐፊውን ዘመን አሳብና የገዳሙን ክብር የማስጠበቅ ፍላጎት ይዟል። ሁለተኛው ምንጭ ራሳቸው አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ነው። ይህ ብራና በገጾቹ ላይ የገዳሙን ንብረትና የመሬት ስጦታ የሚመለከቱ ማስታወሻዎችን ስለያዘ የታሪክ ተመራማሪዎች ከገድሉ አስበልጠው ይመለከቱታል። በዚህ ጉዳይ ላይ የታደሰ ታምራት ጥናቶች እስከ ዛሬ መነሻ ሆነው ያገለግላሉ።

እንደ ገድሉ ትረካ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዳህና በተባለው አገር ከአባታቸው ከዘክርስቶስና ከእናታቸው ከእግዚእ ክብራ በ1214 ገደማ ተወለዱ። ዘመኑ የዛጔ ነገሥታት ዘመን ነበር፤ በላስታ የቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት የሚፈለፈሉበት ወቅትም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ወላጆቻቸው በእምነታቸው የጸኑና ለልጃቸው ትምህርት የሚያስቡ እንደነበሩ ተተርኳል። ይህ በገድላት ዘንድ የተለመደ አገላለጽ ስለሆነ ብዙ የሚያስኬድ አይደለም። ይልቅ ልብ የሚባለው ጻድቁ ወደ ምናኔ የሄዱት በ30 ዓመታቸው ነው መባሉ ነው። ሠላሳ ዓመት ጌታ የተጠመቀበት ዕድሜ በመሆኑ ቁጥሩ ከታሪክ ይልቅ ለምሳሌነት የተመረጠ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀጥሎ ከሚጠቀሰው የ7 ዓመት የደብረ ዳሞ ቆይታና ከ1248 ጋር ሲደመርም በትክክል አይገጥምም። ቢሆንም ሰውዬው ቤትና ርስት ምን እንደሆነ ሳያውቁ በልጅነት ገዳም የገቡ ሳይሆኑ፣ የሚተዉትን አውቀው የተዉ ጎልማሳ መሆናቸውን ትረካው ሊያስረዳ ፈልጓል።

የተጓዙት ወደ ደብረ ዳሞ ነበር። በገመድ ተስቦ ብቻ የሚወጣበት ይህ አምባ ከአቡነ አረጋዊ ጀምሮ የማኅበር ኑሮ የጸናበት ገዳም ነው። በዚያ አበምኔት የነበሩት አባ ዮሐኒ አዲሱን መናኝ ተቀብለው እንደ ሥርዓቱ በአገልግሎት ፈተኗቸው። በአንድነት ገዳም የሚኖር መነኩሴ የግሌ የሚለው ነገር የለውም፤ የሚበላው ከማኅበሩ ማዕድ፣ የሚለብሰው ከማኅበሩ ዕቃ ቤት ነው። መነኩሴው ሰጪም ተቀባይም የሚሆነው በማኅበሩ በኩል ብቻ ነው። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓን የኋላ ሥራ ለመረዳት ይህ ነጥብ ቁልፍ ነው። በግላቸው ለነዳይ የሚዘረጉት ሳንቲምም ሆነ እህል አልነበራቸውም። የነበራቸው ጉልበታቸውና የእጃቸው ሙያ ነበር።

ያም ሙያ መጽሐፍ መጻፍ ነው። ገድሉ ጻድቁ በደብረ ዳሞ ሳሉ በጽሕፈት እንደተካኑ ይመሰክራል። በዚያ ዘመን መጽሐፍ መጻፍ ማለት ቃል መገልበጥ ብቻ አልነበረም። የፍየሉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በችካል ይወጠራል፣ ሥጋውና ጸጉሩ ይፋቃል፣ በድንጋይ ይታሻል፤ ቀለሙ ከጥላሸትና ከዕፅዋት ይጠመቃል፤ ብዕሩ ከመቃ ይቀረጻል። ከአንድ ቆዳ የሚገኘው ቅጠል ጥቂት በመሆኑ አንድ አራት ወንጌል ሙሉ መንጋ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ ከብዙ ጥማድ በሬ የማያንስ ሀብት እንደተሰጠ መቁጠር ይገባል። ድኻው መነኩሴ በብራናና በመቃ አማካይነት ታላቅ መጽዋች የሚሆንበት መንገድ ይህ ነበር።

ከደብረ ዳሞ በኋላ ጻድቁ ወደ ሐይቅ መጡ። ገድሉ መንገዱን የመላእክት መሪነት ያደርገዋል፤ ታደሰ ታምራት ደግሞ የደብረ ሐይቅን አበምኔቶች ታሪክ ከ1248 ይጀምራሉ። ሐይቁ ከዛሬዋ ደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን ገዳሙ ያኔ የቆመው በውኃ በተከበበ ደሴት ላይ ነው። ዛሬ ውኃው በመሸሹ ስፍራው ከየብስ ጋር ተያይዟል። በአገሩ ትውፊት መሠረት የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በፊት በ9ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ድልናዓድ ዘመን ተተክላ ነበር። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የመጡት እንግዲህ ወደ ባዶ ስፍራ አልነበረም። ያገኙት ግን ቤተ ክርስቲያን እንጂ የመነኮሳት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ያን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ማንሣት ያስፈልጋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው እስጢፋኖስ ከሰባቱ ዲያቆናት አንዱ ሆኖ የተሾመው በዕለት ምግብ ዕደላ የተበደሉ መበለቶች ባቀረቡት አቤቱታ ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በድንጋይ ተወግሮ በመሞቱ ቢሆንም፣ የመጀመሪያ ሹመቱ የድኾችን ማዕድ ማስተካከል ነበር። ሐይቅ ላይ በስሙ የሚቀደስ ማኅበር ይህን ታሪክ በየዓመቱ ሲያነበው ኖሯል።

የሐይቅ ትምህርት ቤት ዝና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሸዋ እስከ ጣና ተሰማ። የትምህርቱ ጠባይ ለዘመኑ አዲስ ነበር ማለት ይቻላል። ቀደም ሲል የመነኮሳት ትምህርት በሰሜን፣ በትግራይ ገዳማት ዙሪያ የተወሰነ ነበር፤ ከአማራና ከሸዋ የሚነሣ ወጣት ከፍ ያለ ትምህርት ቢሻ ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረበት። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ደብረ ዳሞን ወደ ደቡብ አመጡት። ተማሪው ክፍያ አይጠየቅም፤ በምትኩ ያገለግላል። እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እህል ይፈጫል። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ዘግይቶ በዚሁ ገዳም የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በወፍጮ አገልግሎት እንደቆዩ ገድላቸው ማስታወሱ ይህ ሥርዓት ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ያመለክታል።

ማስተማር ምጽዋት ነውን? በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መልሱ አዎን ነው። ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጋር በአንድ ዘመን የኖሩት ቶማስ አኲናስ (1225–1274) የምሕረት ሥራዎችን በሁለት ወገን ከፍለው ተንትነዋል። ሥጋዊ የሚባሉት ሰባት ናቸው። የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ የታረዘን ማልበስ፣ እንግዳን መቀበል፣ በሽተኛን መጠየቅ፣ ምርኮኛን መቤዠትና ሙታንን መቅበር። ስድስቱ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ሰባተኛው ከመጽሐፈ ጦቢት የመጣ ነው። ከእነዚህ ጎን መንፈሳዊ የምሕረት ሥራዎች አሉ፤ አላዋቂን ማስተማር፣ የተጠራጠረን መምከር፣ ያዘነን ማጽናናት፣ ኃጢአተኛን መገሠጽ፣ የበደለን ይቅር ማለት፣ የሚያስቸግርን መታገሥ፣ ስለ ሁሉም መጸለይ። ቶማስ መንፈሳዊው በባሕርዩ ከሥጋዊው ይበልጣል ይላሉ። ወዲያው ግን አንድ ማስተካከያ ያክላሉ፤ በረኀብ ለተያዘ ሰው ከትምህርት ይልቅ እንጀራ ይቀድማል። ሊቁ ይህን ሲሉ የሚጠሩት ማስረጃ የፈላስፋውን የአርስጣጣሊስን አባባል መሆኑ ጉዳዩ ለማንኛውም አስተዋይ ግልጽ ነው ብለው እንደሚያምኑ ያሳያል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የሐይቁ መምህር ዋና ሥራ በመንፈሳዊ ምሕረት ወገን ይመደባል። ነገር ግን ተማሪ እየተራበ አይማርም፤ ስለዚህ የሐይቅ ትምህርት ቤት ሁለቱን ወገኖች በአንድነት መያዝ ግድ ሆኖበታል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ታሪክ ይህ ችግር በአንድ በኩል በገዳሙ ጎተራ፣ በሌላ በኩል በሕዝቡ ቸርነት ሲቃለል ኖሯል። በኋላ ዘመን በስፋት የሚታወቀው የቆሎ ተማሪ፣ ደበሎውን ለብሶና አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ስለ ማርያም እያለ ቁራሽ የሚለምን፣ የዚህ ልማድ ልጅ ነው። በላቲኑ ዓለም የፍራንቸስኮስና የዶሚኒኮስ ተከታዮች ለማኞች ወንድሞች ተብለው ሲጠሩ እንደ እንግዳ ነገር ተቆጥሮ ብዙ ነቀፋ አስነሥቷል፤ በእኛ አገር ግን የሚለምን ተማሪ የሚያፍርበትም የሚነቀፍበትም ነገር አልነበረም። ሴትዮዋ ከሞሰቧ ቁራሽ ቆርሳ ስትሰጠው የወደፊቱን መምህርም እየመገበች መሆኗን ታውቃለች።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ስመ ጥር የሆኑት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እንደ ገድላቸው በሸዋ ያላቸውን ሀብት ለድኾች አካፍለው፣ በትር ብቻ ይዘው ከቤታቸው ወጡ። በአሲሲ ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ የነበሩት ፍራንቸስኮስም (1226 ዐረፉ) የአባታቸውን ልብስ በጳጳሱ ፊት አውልቀው በመመለስ ከሀብት ተለይተዋል። ሁለቱ አንዱ ስለ ሌላው ሊሰማ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ሁለቱም ያነበቡት ግን አንድ ወንጌል ነው፤ ባለጸጋውን ወጣት ሂድ ያለህን ሽጠህ ለድኾች ስጥ የሚለውን። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው። ፍራንቸስኮስ ወደ ከተማ አደባባይና ወደ ለምጻሞች ሰፈር ሲወርዱ፣ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሐይቅ ደሴት መጥተው ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ወደ 10 ዓመት ያህል ተቀመጡ። በኋላም ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው ተመለሱ። ቆብና አስኬማን ማን ለማን ሰጠ የሚለው የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ ክርክር በዚህ ጊዜ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። ክርክሩ ለገዳማቱ ክብር ትልቅ ነገር ቢሆንም ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ብዙ አይጨምርም። ከሐይቅ የወጡ ሌሎች ደቀ መዛሙርትም በየአቅጣጫው ገዳማትን መሥርተዋል፤ በጣና ሐይቅ ላይ ያለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም በትውፊት ለአቡነ ኂሩተ አምላክ የሚሰጥ ሲሆን፣ ስሙ ራሱ የሐይቁን ቤተ ክርስቲያን ያስታውሳል።

አስቸጋሪው ምዕራፍ በ1270 ይጀምራል። ዐፄ ይኩኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት አስወግደው ሲነግሡ ሐይቅ ከአዲሱ መንግሥት ጋር በቅርብ የተሳሰረ ገዳም ሆነ። ንጉሡ በልጅነታቸው በሐይቅ እንደተማሩ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓም በጸሎትና በምክር እንደረዷቸው ትውፊት ይናገራል። በኋላ ዘመን የመንግሥቱን መመለስ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የሚሰጠው ትረካ ቢያይልም፣ ታደሰ ታምራት ከሁለቱ አባቶች ለንጉሡ ይበልጥ የቀረቡት የሐይቁ መምህር እንደነበሩ ያመዛዝናሉ። ገዳሙ ከዚህ ቅርበት መሬት አገኘ፤ አበምኔቱም ዐቃቤ ሰዓት የሚል ማዕረግ ወረሰ። ማዕረጉ በ15ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ አንዱ ለመሆን በቅቷል።

እንግዲህ በመግቢያው የተነሣው ጥያቄ በሌላ መልክ ይመለሳል። ድኻው መነኩሴ አሁን የሚሰጠው አለው። ጎተራው ሞልቷል፤ ተማሪውና መንገደኛው፣ አሮጊቷና ዕውሩ በገዳሙ ደጅ ሊመገቡ ይችላሉ። ይሁንና ጎተራውን የሞላው ማን ነው? የጉልት መሬት በራሱ እህል አይሰጥም፤ አርሶ ግብር የሚያገባ ባላገር ያስፈልገዋል። በገዳሙ ደጅ ለነዳያን የሚታደለው እንጀራ ከሌላ ድኻ ጫንቃ የመጣ ነው ማለት ነው። ገድሉ ይህን ጥያቄ አያነሣም፤ የመሬቱን ስጦታ እንደ ንጉሡ ጽድቅና እንደ ጻድቁ ክብር ብቻ ይቆጥረዋል። በዚህ ረገድ ገድሉ የገዳሙ ጠበቃ ሆኖ ስለሚናገር ዝምታው ሊያስገርም አይገባም።

በላቲኑ ዓለም ተመሳሳይ ችግር ሕጋዊ መፍትሔ ተፈልጎለት ነበር። የፍራንቸስኮስ ማኅበር እየሰፋ ሲሄድ ቤትና መጽሐፍ ሳይኖረው መኖር አልቻለም። ጎርጎርዮስ 9ኛ በ1230፣ ኒቆላዎስ 3ኛ ደግሞ በ1279 ባወጧቸው አዋጆች ወንድሞቹ በንብረቱ ይጠቀማሉ እንጂ ባለቤቶቹ አይደሉም የሚለው አሠራር ጸና፤ ባለቤትነቱ ለሮም መንበር ተሰጠ። በሐይቅ ይህን የመሰለ ረቂቅ የሕግ ቋንቋ አልተፈለገም፤ አሠራሩ ግን በአሳብ የራቀ አልነበረም። መሬቱ የሚሰጠው ለመነኮሳቱ ሳይሆን ለእስጢፋኖስ ታቦት ነው። አበምኔት ይሞታል፣ መጋቢ ይሻራል፣ ታቦቱ ግን ባለርስት ሆኖ ይኖራል። መነኩሴው በግሉ ድኻ እንደሆነ ገዳሙ ባለጸጋ የሚሆንበት ሥርዓት በሁለቱም ዓለም የተገኘው በዚህ መልክ ነው። መፍትሔው የመነኩሴውን ኅሊና ያሳርፋል። የባላገሩን ጫንቃ ግን አያቀልም።

ቶማስ አኲናስ በዚህ ነጥብ ላይ የሚያነሡት አሳብ ለማነጻጸሪያ ይረዳል። በእሳቸው ትምህርት ከራስና ከቤተሰብ ፍላጎት የተረፈውን በከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው መስጠት የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ ለነፍሱ የሚያሰጋ ረኀብ የደረሰበት ሰው ከሌላው ትርፍ ቢወስድም እንደ ሌባ አይቆጠርም። በግፍ የተወሰደ ገንዘብ ደግሞ ለተወሰደበት ሰው መመለስ ያለበት ከሆነ ምጽዋት ሊሆን አይችልም። በዚያው ምዕተ ዓመት በግብፅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-ዐሳል በዐረብኛ ያዘጋጁትና በኋላ ወደ ግእዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት የተባለው መጽሐፍም ለጸሎት፣ ለጾምና ለምጽዋት ተከታታይ አንቀጾችን መድቧል፤ 16ኛው አንቀጽ የምጽዋት ነው። የሐይቁ መምህር እነዚህን መጻሕፍት አላነበቡም። ከእሳቸው በኋላ በመጡ ትውልዶች ግን ጥያቄው በኢትዮጵያ ምድርም ጮኾ ተሰምቷል። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ወገኖች፣ በ15ኛው ደግሞ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ከቤተ መንግሥት ርቀው በእጃቸው ሥራ ለመኖር መርጠዋል። ደቂቀ እስጢፋኖስ ስማቸውን ያገኙት ከመሪያቸው ከአባ እስጢፋኖስ እንጂ ከሐይቁ ገዳም አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በእነዚህ መነኮሳት ዓይን ሲታይ የሐይቅ መንገድ ለንጉሥ የቀረበና ሰፊ በረከት ያመጣ፣ ነገር ግን አደጋ ያለበት መንገድ ነበር።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ራሳቸው በዚህ አዲስ ብልጽግና መካከል ምን እንዳደረጉ የሚያሳየው ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ወንጌሉ ነው። በ1280/81 አንድ አራት ወንጌል ለእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሰጡ። ዘመናቸው ሁሉ ከብራና ጋር የኖሩ ሰው በእርጅናቸው ለመስጠት የመረጡት መጽሐፍ መሆኑ የሚገባ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ መጽሐፍ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ለነፍስ መድኃኒት የሚደረግ ምጽዋት ነው፤ የሰጪው ስም በቅዳሴ እንዲታሰብ ይጻፋል፤ የሚሰርቀው፣ የሚሸጠውና የሚፍቀው ይወገዛል። በመጽሐፉ ላይ የሰጪው የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም ይገኛል። ክሌር ቦስ-ቲሴ ይህን ሥዕልና በዙሪያው ያሉትን ማስታወሻዎች መርምረው ገዳሙና ነገሥታቱ በ13ኛውና በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጋጠሚያ ላይ የጻድቁን መታሰቢያ እንዴት እንደቀረጹት አሳይተዋል። ስለዚህ ወንጌሉ የአንድ መነኩሴ ስጦታ ሆኖ ቢጀምርም ብዙም ሳይቆይ የገዳሙ የመብት ማኅደር ሆኗል። የመሬት ስጦታ የሚጻፈው በወንጌል ላይ ነውና፣ የምሕረት ቃል የተጻፈበት ብራና የጉልት መዝገብም ሆኖ አገልግሏል። ኢትዮጵያውያን ዘመናቸውን ዓመተ ምሕረት ብለው መቁጠራቸው በእንደዚህ ዓይነት ማስታወሻዎች ላይ ሲታይ ልዩ ትርጉም ይኖረዋል፤ የርስቱም የግብሩም ቀን የሚቆጠረው በምሕረት ዓመት ነው።

ስለ ምጽዋት የኢትዮጵያ ገድላት ዋና ትምህርት የሚገኘው በቃል ኪዳን ክፍላቸው ነው። ጻድቁ በሚያርፍበት ጊዜ ጌታ ይገለጥለትና በስሙ የተራበን ላበላ፣ የተጠማን ላጠጣ፣ ዝክሩን ላዘከረ ምሕረት እንደሚያደርግ ቃል ይገባለታል። ዘመናዊ አንባቢ ይህን እንደ ቀላል የዋጋ ልውውጥ ሊመለከተው ይችላል። በተግባር ሲታይ ግን ቃል ኪዳኑ ሰፊ የዕደላ ሥርዓት ፈጥሯል። በየወሩና በየዓመቱ በሚውሉት በዓላት ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይጋገራል፣ ጸበል ጻድቁ ለመጣ ሁሉ ይታደላል፤ በተዝካር ቀን ነዳያን ሳይጠሩ ይመጣሉ፣ መጥተውም አይመለሱም። ለሞተው ነፍስ የሚደረገው ለቆመው ድኻ ሥጋ ይሆናል። በካቶሊኩ ዓለምም ምጽዋት ከንስሐና ስለ ሙታን ከሚደረግ ጸሎት ጋር የተሳሰረ ነው። በፍሎረንስ ከተማ በ1244፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ ከመድረሳቸው 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እንደተመሠረተ የሚነገርለት የምሕረት ማኅበር ምእመናንን አስተባብሮ በሽተኞችን ይሸከምና ሙታንን ይቀብር ነበር፤ ማኅበሩ ዛሬም አለ። ልዩነቱ ይህ ነው። የፍሎረንሱ ማኅበር ሥራውን በሙያ ከፋፍሎ ወደ ሕክምና ተቋምነት አደገ፤ የኢትዮጵያው ዝክር ደግሞ ከማዕዱ ሳይለይ ቀረ። ለተራበ ማዕድ ፈጥኖ ይደርሳል። ክፉ ቀን ሲመጣና የአገሩ ጎተራ ሁሉ ሲነጥፍ ግን ማዕዱም አብሮ ይነጥፋል። ወሎ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከ40 ዓመት በላይ በሐይቅ አስተምረው በ1293 ገደማ ዐረፉ። የመጨረሻ ዓመታታቸው ትረካ በጾም፣ በስግደትና በትጋት የተሞላ ነው። ገዳሙን ባለጸጋ ያደረጉት አባት ለራሳቸው ምንም እንዳላስቀሩ ገድሉ ሊያስረዳ የሚጥረው በዚህ ነው። ጥረቱ ራሱ ጥያቄው በጸሐፊው ልብ እንደነበረ ይጠቁማል።

ከእሳቸው በኋላ ገዳሙ እየበለጸገ ሄደ። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው የካቶሊክ ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ሐይቁና በደሴቱ ላይ ስለሚኖሩት ብዙ መነኮሳት፣ ስለ ብርቱካናቸውና ስለ ሎሚያቸውም ጽፏል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢማም አሕመድ ጦር ደረሰ። እንደ ዓረብ ፈቂህ ዘገባ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠልባቸው የገዳሙን ወርቅና ብር አውጥተው አስረከቡ። ከነገሥታት ስጦታ ለ2 ምዕተ ዓመት ተኩል የተከማቸው ሀብት በአንድ ጊዜ ሄደ። በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እጅ የተሰጠው ወንጌል ግን ተረፈ፤ ተመራማሪዎችም በ20ኛው ምዕተ ዓመት በገዳሙ አግኝተው በፊልም አንሥተውታል።

የዕረፍታቸው መታሰቢያ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል። ቀኑ ኅዳር 15 ከሚገባው ከጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል በዝክሩ ሥጋም ቅቤም አይቀርብም። በአዲሱ እህል ወራት ለሚመጣው ምእመንና ነዳይ የሚቀርበው ዳቦው፣ ንፍሮው፣ ሽሮውና ጠላው ነው።